ያለ ተሳቢ መታጠፍ

ፈታኙ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አለኝ፤ እኔ መሪውን ወደ ግራ ሳብኩት።

ቀኝና ግራዬን ስቼ አይደለም። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት የነዳሁት ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነበር። ተሳቢ የሚጎትት ሾፌር ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ይከፍታል፤ አለዚያ የኋላው ጎማ እግረኛው መንገድ ላይ ይወጣና የሰው አጥር ይዞ ይሄዳል። እጄ ይህን የሚያደርገው እኔን ሳያስፈቅድ ነው። አሁን ግን የተቀመጥኩት የእህቴ ትንሽ መኪና ውስጥ ነበር። በግራዬ ሊያልፍ የነበረ ሞተር ሳይክል ክላክሱን እያስጮኸ ለጥቂት ሳተኝ።

«አቁም» አለ ፈታኙ። የብዕሩን ክዳን ከደነ። «ወዴት እየሄድክ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን እንኳን በሰው ቋንቋ፣ በራሴም ቋንቋ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። «ይቅርታ» ብቻ አልኩ።

«አንድ ዕድል ብቻ ይቀርሃል» አለኝ።

እዚህ አገር የውጭ መንጃ ፈቃዱን በዚህ አገሩ የሚያስቀይር ሰው የሚፈተነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቴ ከወደቀ ያመጣው መንጃ ፈቃድ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ መሪ ነክቶ እንደማያውቅ ሰው ከትምህርት ቤት ይጀምራል። እኔ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አልነበረኝም። እህቴ ቀን ቀን የሆስፒታል አንሶላ በሚያጥብ ላውንደሪ ትሠራለች፤ ከዚያ ወጥታ ቢሮ ታጸዳለች። ወገቧን ስለሚያማት ጫማዋን የምታስረው አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን በእጇ አንስታ ነው። የላውንደሪው ኃላፊ አንሶላ የሚያመላልሰውን ትንሽ መኪና እንድነዳ ቃል ገብቶልኛል። «እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድህን ካመጣህ ሥራው ያንተ ነው፤ ካላመጣህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሏል። እኔ ሥራ ከያዝኩ እሷ የጽዳቱን ትተዋለች። ይህን ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ቤት ስገባ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«እህሳ?»

«ወደቅኩ።»

«በምን? በፍሬን?»

«በመታጠፍ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እንዴት እንደሆነ ስነግራት መጀመሪያ አፏን በክንዷ ሸፈነች፤ በኋላ ግን አልቻለችም፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ተሳቢውን ይዘኸው መጥተሃል በለኛ! እኔ እኮ ሻንጣህ ለምን ከበደ እያልኩ ነበር።»

«አትሳቂ፣ እታለም።»

«እንዴት አልስቅ! የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።» እንባዋን ጠረገች፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሳቁ እንጃ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት እንወጣለን። መታጠፍ አስተምርሃለሁ።»

«ወገብሽስ?»

«ወገቤን ተወው። የሚፈተነው ወገቤ አይደለም።»

እህቴ መንዳት የተማረችው እዚሁ ነው። ከዚያች ትንሽ መኪና ሌላ ነድታ አታውቅም። እኔ ተሳቢ ይዤ ተራራ የወረድኩት ሰውዬ ከእሷ ልማር ስል ትንሽ ቅር አለኝ፤ ግን የወደቅኩት እኔ ነኝ።

ከላውንደሪው ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ። እህቴ የሳሙና ባዶ ጀሪካኖች ደርድራ የመንገድ ጥግ ሠራችልኝ። «በዚህ በኩል ታጠፍ፤ ጀሪካን እንዳትነካ፤ ወደዚያ ማዶም እንዳትሄድብኝ» አለች። ገና መሪውን ከመንካቴ እጄ ወደ ግራ ሄደ። መለሰችኝ። እንደገና ሄደ። ስታገለው ደግሞ ከመጠን በላይ አጥብቤ ጀሪካኑን ጨፈለቅኩት።

«ወይ ጉድ! እግረኛ ገደልክ» አለች።

የሚገርመው፣ ዓይኔ ትክክል ያያል። ስፖኪዮውን ሳየው ከኋላዬ ምንም እንደሌለ ይነግረኛል። ጀርባዬ ግን አያምንም። ከኋላዬ ረጅም ነገር እየተከተለኝ ይመስለዋል።

ይህን ስነግራት ከጎኔ ወርዳ ወገቧን ይዛ ከኋላ ወንበር ገባች፤ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች።

«በል ንዳ። ተሳቢህ እኔ ነኝ። ጥጉን ሳልፍ እነግርሃለሁ።»

በዝግታ ታጠፍኩ። «አለፍኩ!» ብላ ጮኸች። ደነገጥኩ። እኔ ገና ብዙ ይቀራል ብዬ ነበር። ዞሬ ደገምኩት። «አለፍኩ!» አሁንም ከጠበቅኩት በፊት ነው። ጀርባዬ መኪናው የት ላይ እንደሚያልቅ በጆሮዬ በኩል ይማር ጀመር።

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። ለሥራ የሚገቡት ሴቶች ቆመው ያዩናል። አንዷ «ሹፌር ቀጠርሽ እንዴ?» ስትላት እህቴ በመስኮቱ ሆና፣ «ሹፌር አይደለም፣ ወንድሜ ነው። ተሳቢ እየፈታሁለት ነው!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁልፉን ሰጥቼ ቤቴ እገባ ነበር። ጥርሴን ነክሼ መኪናውን አዞርኩና ወደ ጀሪካኖቹ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ያው ፈታኝ ነው። ረሳኝ ብዬ ነበር፤ ቀበቶውን ሲያስር ግን ወደ ግራ በኩል አየት አደረገ፤ አልረሳኝም።

ትልቁን መንገድ በደህና ሄድኩ። አደባባዩንም ዞርኩ። ከዚያ ወደ አንድ ጠባብ መንገድ «ወደ ቀኝ» አለኝ። ጥጉ ላይ ሰው አትክልት የሚያወርድበት መኪና አቁሟል፤ መታጠፊያው ጠቧል። ፍሬቻ አሳየሁ። እጄ መሪው ላይ ሲላላ፣ ወደ ግራ ሊሄድ ሲል ተሰማኝ።

ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ቆመ።

ከኋላ ክላክስ ተነፋ። ሌላም ተቀበለው። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ የማልሰማውን ነገር ተናገረ፤ ስድብ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይታወቃል።

«ለምን ቆምክ?» አለ ፈታኙ።

«እጄ ወደ ግራ ሊሄድብኝ ነበር» አልኩ። ቃላቱን አንድ በአንድ ነው ያወጣኋቸው። «ዝም እስኪል እየጠበቅኩት ነው።»

ፈታኙ እጄን አየ። እኔም እጄን አየሁት። ክላክሱ ቀጥሏል። የአትክልቱን መኪና አየሁ፤ የጥጉን ድንጋይ አየሁ፤ ቦታው ይበቃኛል። ማርሽ አስገባሁና ጥጉን ተጠግቼ፣ በእግረኛ ፍጥነት ታጠፍኩ። ከኋላ «አለፍኩ» የሚል አልነበረም፤ ግን ማለፌን አወቅኩ።

ስንመለስ ፈታኙ፣ «መንገድ መሐል ያለ ምክንያት መቆም ነጥብ ያስቀንሳል» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ጻፈ። «ቀንሼብሃለሁ። አልፈሃል።»

የመንጃ ፈቃድ ቢሮው መስኮት ጋ ያለችው ሠራተኛ የድሮ መንጃ ፈቃዴን ተቀበለችኝ። «ይሄ እዚህ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚለው ባለ ተሳቢ ነው፤ የምንሰጥህ ግን የትንሽ መኪና ብቻ ነው። ተስማምተሃል?»

ለዚያ መንጃ ፈቃድ ስንት ጊዜ መኪና ሥር እንደተኛሁ አሰብኩ። ረዳት ሆኜ ጎማ የቀየርኩበት ብርድ ትዝ አለኝ።

«ትልቁን እንደገና ማግኘት ይቻላል?»

«ቆይተህ ትፈተናለህ።»

«እሺ» ብዬ ፈረምኩ።

በቀጥታ ወደ ላውንደሪው ሄድኩ። ኃላፊው ወሩ ሳያልቅ መምጣቴን አይቶ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ። ማድረቂያዎቹ እየጮኹ ነበር። እህቴ ከሌላ ሴት ጋር አንሶላ ይዛ ታጥፋለች። አዲሱን መንጃ ፈቃድ ሳሳያት አንሶላውን ለቀቀችና ጉንጬን ሳመችኝ።

«የማታውን ሥራ ተዪ» አልኳት።

«ምን?»

«የጽዳቱን ተዪ! ዛሬውኑ!»

«ገና ደመወዝ እንኳ ሳትቀበል? ያምሃል እንዴ?»

«ደውዪና ንገሪያቸው። ቆሜ አያለሁ።»

ማሽኑን ለማሸነፍ ጮኼ ነበር፤ ሴቶቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ፤ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። እህቴ ወደ እነሱ አየች፣ ወደ እኔ አየች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ስልኳን አወጣች።

ሰላምታ ስትሰጣቸው እስክሰማ ቆየሁ። ከዚያ የታጠፉትን አንሶላዎች ተሸክሜ ወደ ላውንደሪው መኪና ወጣሁ።