የጊደሪቱ የቅዳሜ ቀጠሮ

ጋሽ አሳምነው ከጎንደር ይዘውት የመጡት ዕቃ ቤተ እስራኤሎች በሰፈሩበት በሮቫ ዩድ-አሌፍ ሰፈር መሳቂያ ሆኖ ከርሟል። ሌላው በርበሬና ነጠላ ጭኖ ሲመጣ እሳቸው የሰው ከብት ይዘው መጡ ተባለ። ያመጡት የወረዳው ፍርድ ቤት የጠፍ ከብት መዝገብ ነው። ሃያ ዓመት ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ደርግ ሲወድቅ ፍርድ ቤቱ ተዘርፎ ወረቀቱ የጨው መጠቅለያ ሲሆን ይህንን አንዱን ከቸርቻሪ እጅ አስጥለው አስቀሩት። የማን በሬ ማን ማሳ ላይ እንደተያዘ፣ መልኩ ምን እንደሆነ፣ ማን መጥቶ የእኔ ነው እንዳለ፣ ሁሉም አለበት። በሬዎቹስ ከታረዱ ስንት ዘመናቸው!

በሽማግሌዎቹ መሰብሰቢያ ቤት፣ በሞዓዶኑ፣ ሻይ የምታቀርበው ዘቢደር ግን አልሳቀችም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጊደር ጠፍታባታለች። አባቷ ወንዳለ የሰጧት፣ ከእጇ ጨው እየላሰች ያደገች ጊደር ነበረች። ገበያው አጠገብ ባለው በዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት ታስራ እንደቆመች ተሰማ፤ ቅዳሜ ተሸጠች። አባቷ ግን ያን ቅዳሜ ጸሎት ቤት ተቀምጠው ዋሉ። ለምን አልሄዱም ብትላቸው፣ ሰንበት ነው ከማለት በቀር ምንም አልመለሱላትም።

ለእኔ ሲሉ አንድ ቀን እንኳ አፋቸውን አልከፈቱም ብላ ቂም ያዘች። ቂሟም አብሯት አደገ። አዲስ አበባ አውሮፕላን በመጠበቅ ላይ ሳሉ አባቷ ሲሞቱ አላለቀሰችም፤ ሰዉም ልበ ድንጋይ አላት። አሁን ግን፣ እሷም ልጆች ድራ፣ ይናፍቋታል። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ የሚያሰሟት ሳል ሳይቀር ይናፍቃታል። በየጾሙ ስማቸውን አንስታ ልትጸልይ ትሞክርና፣ ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት እየሆነባት ትተወዋለች።

አንድ ማክሰኞ፣ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ከጋሽ አሳምነው አጠገብ ተቀመጠች። አባቷ ስለ ጊደሪቱ ጠይቀው እንደሆነ ብቻ እንዲያዩላት ለመነቻቸው። እሷ ማንበብ አልተማረችም። እሳቸው ደግሞ ዛሬም ጸሐፊ ናቸው፤ መልክ ሳይነገር መዝገብ አይገለጥም አሉ። ዳለቻ፣ ግንባሯ ቦቃ፣ ግራ ጆሮዋ ስንጥቅ ብላ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ገለጡ፤ ከዚያ አነበቡ።

«አመልካች ወንዳለ አዳነ የጊደሪቱን መልክ ሳያያት ተናገረ። ምስክር ቢጠየቅ፣ የልጄ የዘቢደር ናት፤ ሌላ ቢጠራት አትሰማም፤ ልጄ ስትጠራት ትመጣለች፤ ምስክሬ ይኸው ነው አለ። ልጁን ይዞ ቅዳሜ እንዲቀርብ ታዘዘ። ሰንበቴ ነውና ቀኑ ይለወጥልኝ ሲል ለመነ፤ አልተፈቀደም። በማግስቱም ተመልሶ ለመነ፤ አልተፈቀደም። ቅዳሜ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም። ጊደሪቱ በሐራጅ ተሸጠች።»

ዘቢደር አስታወሰች። ያን ሳምንት አባቷ ሁለት ሌሊት ከቤት አላደሩም ነበር፤ ማረሻ ሊሸጡ ሄደዋል ተብላ ነበር። ለካ ፍርድ ቤት ደጅ እየጠኑ ኖሯል።

«ያን ቀን የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አሳምነው አንገታቸውን ደፍተው። «ለምን እንደማይመጡ አውቅ ነበር፣ ልጄ። አያቴም ሰንበት ታከብር ነበር። ዘሬ እንዳይነቃብኝ ፈርቼ ለዳኛው ሳልናገር ቀረሁ።»

ልትቆጣቸው ፈለገች። ነገር ግን እኚህ ፈሪ ሰው ባይጽፉት ኖሮ የአባቷን ቃል ማን ያቆይላት ነበር? መዝገቡን ወደ እሳቸው አስጠጋችላቸው።

«ቀኑ ይለወጥልኝ» አለች። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። አሁን ይጥሯቸው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ፊቷን አዩ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ፤ ልብሳቸውንም አስተካከሉ። «ወንዳለ አዳነ!» አሉ፤ ድምፃቸው ባዶውን አዳራሽ ሞላው። ሁለተኛም ጠሩ። ሦስተኛውን ሲጠሩ ዘቢደር ብድግ አለች።

«አቤት! ቀርበዋል» አለች። «እኔም አብሬያቸው መጥቻለሁ።»

ከዚያ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ አባቷ ከሞቱ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ እርማቸውን አወጣች።