ለአንድ ቅዳሜ የተገዛ ጫማ

አስካለማርያም እጇን ከጫማው ውስጥ መንጭቃ አወጣች። ጣቷን የነካት ነገር እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ጫማውን ወደ ሱቁ መብራት አዙራ ብታይ፣ የሌላ ሰው ካልሲ ጫፉ ላይ ተጨማዶ ተወሽቋል። በማሰሪያው መካከል ደግሞ የወንዝ ሣር ተጣብቋል። ሽታው ዘግየት ብሎ መጣ።

"ይኼ ነው አዲስ የሚባለው?" አለች ጫማውን ከራሷ አርቃ ይዛ።

እዚህ አሜሪካ፣ ፕሊማውዝ በሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ ስትሠራ ሰው አጥባለች፣ ዳይፐር ቀይራለች፣ አንድም ቀን አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። የታመመ ሰው ምን ያድርግ? ይኼን ጫማ የመለሰው ሰው ግን ጤነኛ ነው። ጫማውን አድርጎ ወንዝ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ውሎ፣ ከነጭቃው ካርቶኑ ውስጥ ከትቶ፣ "አልሆነኝም" ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። ይኼ ነው ያንገሸገሻት።

ባሏ ንዋይ ካልሲውን በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣና ጫማውን አገላብጦ አየ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። በሚኖሩበት ሜፕልዉድ ውስጥ ቅናሽ የወጣበት ዕቃ ካለ ከእሱ አያመልጥም።

"ይቀንሱልናል፤ ማናጀሩን ላናግረው?"

"አስቀምጠው። እጅህንም ታጠብ።"

ሻጯ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችና ጫማውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛው ሄደች።

ጫማው የተፈለገው ለቅዳሜ ነው። ልጃቸው ሩት ፍላይ ፊሺንግ ጀምራለች፤ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዝንብ በሚመስል መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ነው። ቤቱን ጥላ ከወጣች ወዲህ እናቷን የትም ጠርታት አታውቅም፤ አሁን "ነይ" አለቻት። አባቷን አልጠራችም። ንዋይ ነገሩን "የአሜሪካ ልጅ" ብሎ ያልፈዋል እንጂ ምክንያቱን ሁለቱም ያውቁታል። ሩት ትንሽ ልጅ ሳለች ዕቃ በመለሰ ቁጥር እጇን ይዞ የሱቁ ካውንተር ፊት ያቆማታል። ያኔ እሱን እንግሊዝኛ ስለሚያንቀው የምትናገረው እሷ ናት። ሠርግ የተዋለበት ሱፍ፣ ክርስትና የተዋለበት ጫማ ሁሉ፣ "አልተለበሰም በያቸው" ይላታል። ልጅቱ ፊቷ እየቀላ ትዋሻለች። አስካለማርያም መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃቸው ነበር።

ሩት የጫማውን ነገር በስልክ ጽፋላታለች። ሶሉ የሚቆነጥጥ ጎማ ይሁን፣ ቁርጭምጭሚት ይያዝ፣ ወፍራም ካልሲ ስለሚገባበት አንድ ቁጥር ይጨመር፣ ውድ አያስፈልግም። አስካለማርያም ይህን ሁሉ ያሟላ ርካሽ ጫማ አገኘች። እጇን እስከ ጫፉ ሰዳ ፈተሸችው፤ ደረቅ ነው።

"ተይው እሱን" አለ ንዋይ አጠገቡ የነበረውን ውድ ጫማ አንስቶ። "ለሚመለስ ዕቃ ምን ርካሽ ያስመርጥሻል?"

"ማን ነው የሚመልሰው?"

"እኔ ነኛ። ቅዳሜ ታደርጊዋለሽ፣ ሰኞ ሪተርን አደርገዋለሁ። በዓመት ስንት ጊዜ ወንዝ ልትገቢ ነው?"

ርካሹን ይዛ ሄዳ ከፈለች።

መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር ንዋይ ጫማውን ከካርቶኑ አውጥቶ የዋጋ ታጉን ከጫማው ምላስ ሥር አጥፎ ደበቀው። ከዚያ ሰፊ ፕላስተር ከመኪናው መሳቢያ አወጣና ሶሉ ላይ መለጠፍ ጀመረ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እንዳይፋቅ ነዋ። ለሠርግም እንዲህ ነው የማደርገው።"

"እኔ እኮ ወንዝ ውስጥ ነው የምቆመው። በፕላስተር ድንጋይ ላይ ልታንሸራትተኝ ነው?"

"ቀስ ብለሽ ትረግጫለሻ።"

ፕላስተሩን በጥርሱ ሲቆርጥ አየችው። ያ የካልሲው ባለቤትም ሚስት ትኖረው ይሆናል፤ እሷም እንዲህ አጠገቡ ተቀምጣ ዝም ብላው ይሆናል። በስንት ዓመት ትዳር ባሏን እንዲህ ተጸይፋው አታውቅም። ራሷንም ጨምራ ተጸየፈች።

ስልኳ ጮኸ። ሩት ናት።

"ማም፣ ቡትስ አገኘሽ?"

"አገኘሁ።"

"ማን ድራይቭ አደረገሽ?"

"አባትሽ።"

"ሶ፣ ሪተርን ሊያደርገው ነው?"

"አይመለስም።"

"ዩ ጋይዝ ኦልዌይስ ሴይ ዛት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትሉት" አለችና ዘጋችው።

አስካለማርያም ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በቀጥታ ከሥራ ስለመጣች ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። የምትንከባከባቸው አረጋውያን ልብስ በአንድ ላይ ስለሚታጠብ፣ እንዳይቀያየር በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ ስለዚህ የማይለቀው ጥቁር ማርከር ከኪሷ አይጠፋም። ቀኙን ጫማ ከንዋይ እጅ ወሰደች። ፕላስተሩን ልጣ ጣለች፣ ታጉን በጠሰች፣ ምላሱን ገልብጣ በማርከሩ ስሟን መጻፍ ጀመረች።

"ኧረ ምን ነካሽ?" አለ ንዋይ። "አሁን ማን ይቀበለናል?"

"ማንም።"

ስሟ ረጅም ስለሆነ ምላሱ አልበቃውም፤ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ወደ ጫማው ጎን አለፉ። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበት።

"ግራውን አቀብለኝ" አለችው።