የጮራ ሁለት በጎች

«አንዱ በግ ተሰርዟል» አለ ሀያቱ፣ ገና ከሱቁ ደጃፍ።

አስናቀው ከበሮውን ከስፖንጅ ፍራሽ ቁልል ስር እየጎተተ ነበር። ከበሮው ዓመቱን ሙሉ የሚተኛው እዚያ ነው፤ መርካቶ ጭድ ተራ ውስጥ ከእሱ የተሻለ አልጋ ያለው ሰው የለም ይባላል። ግማሽ አካሉ እንደወጣ አስናቀው ለቀቀውና ቀና አለ።

«በግ እንደ ስብሰባ ይሰረዛል እንዴ?»

«ሙናዊር ነው የሰረዘው። ድግግሞሽ ነው አለ።»

«ምኑ?»

«ሁለተኛው በግ።»

ጮራ የሰፈሩ እግር ኳስ ክለብ ነው። ጎጃም በረንዳ የእህል መጋዘን ያላቸው ጋሼ ኃይለልዑል ለብዙ ዓመት ብቻቸውን ይዘውት ኖረዋል። ባለፈው መስከረም ግን ጉልበታቸውና ኪሳቸው አንድ ላይ እንደደከመ ተናግረው ግማሹን ለሙናዊር ሸጡ። ሙናዊር ከቻይና ኩባያና ሳህን የሚያስመጣ ወጣት ነጋዴ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ሞባይል ለማግኘት በሚሰለፍበት ጊዜ ሁለት ይይዛል። በገባ በሳምንቱ ወጪ ቅነሳ ጀመረ። በመጀመሪያ አውቶቡሱን ሸጠ። ወጌሻውን አሰናብቶ በምትኩ በረዶ አስገዛ፤ ቀጥሎ በረዶውን ቀነሰ። ለልምምድ ሜዳ ላይ የሚደረደሩትን ምልክቶች ከመጋዘኑ ባመጣቸው ጆሯቸው የተሰበረ ኩባያዎች ተካ። የሚገርመው፣ ጮራ ማሸነፍ ጀመረ። ደጋፊው ይህን ይቅር ሊለው አልቻለም።

የበጉ ነገር ግን ሌላ ነበር። በየዓመቱ የመጨረሻው ጨዋታ በሚደረግበት እሁድ፣ ረፋድ ላይ፣ በጋሼ ኃይለልዑል መጋዘን ግቢ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንድ ለክርስቲያኑ፣ አንድ ለሙስሊሙ። የክርስቲያኑን አስናቀው በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ የሙስሊሙን ሀያቱ ቢስሚላህ ብሎ። ቢላዋቸው ለየብቻ ነው፤ መሳያ ሞረዳቸው ግን አንድ ነው፣ እሱም የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። ግቢው መሃል አንድ የብረት ምሰሶ አለ። ሁለቱ ጓደኛሞች እሱን ተደግፈው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ከየትሪያቸው እየበሉ ሳይተያዩ ይሰዳደባሉ። ከዚያ አስናቀው ከበሮውን አንገቱ ላይ ያጠልቃል፤ ደጋፊው ተከትሎት ወደ ሜዳ ይወርዳል። አስናቀውን በዓመት ውስጥ ሰው የሚከተለው ያን ቀን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ፍራሽ ይሸጣል፤ ፍራሽ ሻጭን ደግሞ ማንም አይከተልም።

ከበሮውን እንደነበረ መልሶ አስተኛውና ከሀያቱ ጋር ወደ ሐጀራ ምግብ ቤት ሄዱ። የክለቡ ነገር የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ውብሸት፣ አውቶቡሱ ከተሸጠ ወዲህ ተጫዋቾቹን በሚኒባሱ የሚያመላልሰው፣ መሃል ተቀምጦ አዲሱን ባለድርሻ ይከላከላል።

«እናንተ ኳስ በዲ ኤስ ቲቪ ነው የምታዩት፤ ሂሳቡን አታዩም» ይላል። «እንግሊዝ አገር እንኳን ይቀነሳል። ክለብ ማለት ድርጅት ነው።»

«አውቶቡሱ ሲሸጥም ድርጅት ነው ብለህ ነበር» አለው ሀያቱ። «የማን ድርጅት እንደሆነ ሚኒባስህን ሳይ ገባኝ።»

«እኔ ለክለቡ ብዬ በኪሳራ ነው የምሠራው።»

«አዎ፣ ጎማህም በኪሳራ ነው የታደሰው።»

ሐጀራ ሻይ እያቀረበች፣ «ለመሆኑ የቀረው የትኛው በግ ነው?» አለች።

ሁሉም ሊጠይቅ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ግን ጥያቄው አፍ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ከክርስቲያኖቹ አንዱ ሙናዊር የማንን በግ እንደሚያስቀር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም አለ። ሙስሊሞቹ ደግሞ ጋሼ ኃይለልዑል የግቢው ባለቤት ናቸው፣ በግቢያቸው የራሳቸውን በግ አያስቀሩም አሉ። ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ሁሉም ተሰምቷል።

በዚህ መሃል ሙናዊር ራሱ ገባ። ለታላላቆቹ ሰላምታ ሰጠ፣ ወንበር ሳበ።

«ጋሼ አስናቀው፣ ሰምተዋል መሰለኝ።»

«ሰማሁ። ድግግሞሽ አልክ አሉ።»

«አንድ ቀን፣ አንድ ቡድን፣ አንድ ግቢ። ለምን ሁለት በግ? ዘንድሮ አንድ ነው። የትኛው እንደሆነ እኔና ጋሼ ኃይለልዑል እንነጋገራለን።»

«ሰማህ ሙናዊር» አለ አስናቀው። «አውቶቡሱን ሸጥክ፣ ዝም አልን። ለተጫዋች የተሰበረ ኩባያ አስዘለልክ፣ ዝም አልን። አንተ መርካቶ ያደግህ ልጅ ነህ። ደንበኛ ዕቃ ገዝቶ ሲያበቃ ነጋዴው ምን ያደርጋል?»

«ምራቂ ይጨምራል።»

«ለምን ይጨምራል? ሂሳቡ እንደሆነ አልቋል።»

«ደንበኛው እንዲመለስ።»

«እኛ ያንተ ደንበኞች ነን። ያ በግ ደግሞ ምራቂ ነው። እሁድ ሁለት በግ ካልታረደ እኔ ከበሮውን አስረክባለሁ።»

ሐጀራ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ሀያቱ ጓደኛውን በጎን አየው። አስናቀው ይህን የተናገረው እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ሆኖ ነው፤ ሰው ከበሮውን የሚያስይዘው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ጋሼ ኃይለልዑል ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ከጆንያ ላይ ተቀምጠው ጤፍ በመዳፋቸው እያዩ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ የሙስሊሞቹ በግ እንዳይቀር አደራ። ሀያቱ ፊት መቆም አልችልም።»

«አትስጋ ልጄ። የእነሱ በግ አይነካም። እሱን ለእኔ ተወው።»

አስናቀው ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ስሞ ወጣ። ቅዳሜ ደግሞ ሀያቱ እየሮጠ መጣ። እሱም በበኩሉ ሙናዊርን አግኝቶት ነበር።

«የክርስቲያኖቹ በግ አይነካም አለኝ» አለ። «ቃሌ ነው አለኝ፣ በአላህ ስም።»

አስናቀው ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። «የእናንተ እንዳይነካ ጋሼ ቃል ገብተውልኛል። የእኛ እንዳይነካ እሱ ቃል ገባልህ። ስንት በግ ሆነ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ምን ይጎድላል?»

ምንም አልጎደለም። ሁለቱም እየሳቁ ቢላዋቸውን ሊስሉ ተቀመጡ፤ ሞረዱ የማን እንደሆነም ትንሽ ተጨቃጨቁ።

እሁድ ረፋድ ላይ ግቢው ሞላ። አስናቀው ከበሮውን ምሰሶው ስር አቆመና እጅጌውን ጠቀለለ። በጎቹ የሚታሰሩባቸው ሁለት ችንካሮች አሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። በግራው ምንም የለም። በቀኝም ምንም የለም።

«የእናንተስ?» አለ አስናቀው።

«የእናንተ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው» አለ ሀያቱ።

ሙናዊርና ጋሼ ኃይለልዑል በአንድ ጊዜ ወደ ችንካሮቹ መጡ። ሙናዊር በግራ ያለውን ችንካር አየ፤ ጋሼ ኃይለልዑል የቀኙን። ከዚያ ተያዩ።

«የእርስዎ በግ የት አለ?» አለ ሙናዊር።

«የእኔንማ አስቀረሁት» አሉ ሽማግሌው። «አዲስ ሸሪክ ነህ፣ ገና በገባህ ዓመት የአንተ ወገን ተርቦ የእኔ ሲበላ እንዴት አያለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። በግ ነጋዴውን ዱባለን ከሁለቱ አንዱን ቀንስ አልኩት። የእናንተ ግን የታለ?»

ሙናዊር አንገቱን አሻሸ። «እኔም የእኛን ነው ያስቀረሁት። ሰው ለወገኑ አዳላ እንዳይለኝ። እርስዎን ሳላማክር እኔም ዱባለ ጋ ደወልኩ።»

ዱባለ ዘንድ ተደወለ። ሙናዊር ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አንድ ቀንስ ተባልኩ፣ ቀነስኩ» አለ ዱባለ። «ደግሞ አንድ ቀንስ ተባልኩ፣ ቀነስኩ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ከዚህ በታች ግን መውረድ አልችልም።»

«አሁን ላክልን!»

«አሁን ሁለቱም ሰርግ ቤት ናቸው። ያልተሸጠ በግ ያለው ሰው ልፈልግልህ ካልክ ግን ከሰዓት በኋላ...»

ሙናዊር ዘጋው። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነበር።

ማንም አልጮኸም። ሰው የሚጮኸው በበደለው ላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሁለቱም ያጠፉት ለሌላው ሲሉ ነው። ስድብ የሚሆን ቦታ ታጣ። ውብሸት ብቻ፣ «ክለብ ድርጅት ነው» ብሎ ሊጀምር ሲል ሀያቱ ቢላዋውን እንደያዘ ዞር ብሎ አየው፤ ውብሸትም ቀሪውን ዋጠው።

ጉዳዩን የጨረሰችው ሐጀራ ነች። ግቢውን ቃኝታ ስታበቃ፣ «ሽሮ በእኔ ነው» አለች፤ «ሽሮ ሃይማኖት የለውም።»

ሽሮው በትልልቅ ትሪ መጣ። የትሪው ቁጥር ለሕዝቡ ስላልበቃ ሰው በወገን መከፈል አልቻለም፤ ባገኘው ትሪ ዙሪያ ተቀመጠ። አስናቀውና ሀያቱ እንደ ልማዳቸው ወደ ምሰሶው ሄዱ፤ ግን አንድ ትሪ ይዘው ጀርባ ለጀርባ መቀመጥ አይቻልም። ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«በዚህ ቀን ስትበላ አይቼህ አላውቅም» አለ ሀያቱ። «እንዲህ ነው እንዴ የምታኝከው?»

«አንተስ ጢምህ አንድ ትሪ ለብቻው ይፈልጋል።»

ሀያቱ ጠቅልሎ አጎረሰው። አስናቀው መልሶ አጎረሰው። ጣፈጠው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

ሙናዊር በትሪዎቹ መሃል እየዞረ ያያል። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። ምሰሶው ዘንድ ሲደርስ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ አስናቀው፣ አዩት? ለዓመታት ለየብቻ የበላ ሰው ዛሬ በአንድ ትሪ። ከበግ ይህ አይበልጥም? ለወደፊቱ ደንብ እናድርገው። የከበሮውንም ነገር እንርሳው፤ ቃል የወጣው በንዴት ነው። እርስዎ ካልመቱት ማን ይመታል?»

በዙሪያው ያሉት ማላመጥ አቆሙ። አስናቀው ከበሮውን አየ። ቆዳው በግንቦት ፀሐይ ሞቆ ተወጥሯል፤ ዛሬ እንደሚጮኸው በዓመታት ውስጥ ጮኾ አያውቅም። እሺ ቢል በቃ፣ አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል። ሙናዊር የተናገረውም ሐሰት አልነበረም። ችግሩም ይኸው ነው።

ጣቱን ላሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ተነሣ።

«ሙናዊር፣ አንድ ትሪ ደስ ያለን በስህተት ስለተገኘ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ትሪ ደንብ ብታደርገው፣ ከሽሮው ደግሞ ምን እንደምትቀንስ አሁን ማሰብ ትጀምራለህ።»

ሙናዊር ፈገግ አለ፤ ምናልባት ጀምሮ ይሆናል።

«ሁለቱ በግ ይመለሳል» አለ አስናቀው። «ሽሮው ምራቂ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ቃሌ ቃል ነው። ሁለት በግ ካልታረደ ከበሮውን አስረክባለሁ ብያለሁ። ለማን እንደማስረክብ ግን አልተናገርኩም።»

ከበሮውን አነሣና ማንገቻውን ሙናዊር አንገት ላይ አጠለቀው። ሙናዊር በክብደቱ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

«ጋሼ፣ እኔ መምታት አልችልም እኮ።»

«ትለምዳለህ። በጎቹ ሲመጡ ትመልስልኛለህ። አሁን ቅደም፤ ሕዝቡ ከበሮ ነው የሚከተለው።»

ጋሼ ኃይለልዑል ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሙናዊር ዙሪያውን አየ፤ ሁሉም ቆሞ ይጠብቀዋል። አንዴ መታ። ድምፁ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ ተነሣ።

ከግቢው ወጥተው በጋሪዎችና በተሸካሚዎች መሃል ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረዱ። ቡድኑ በውብሸት ሚኒባስ አልፏቸው ሄደ፤ ተጫዋቾቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ባለድርሻቸውን ከበሮ አጥልቆ ሲያዩት አጨበጨቡለት። አስናቀው ከኋላ፣ ከሕዝቡ መሃል ይሄዳል። ከፊት የሚመጣው ምት አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲዘገይ ጣቶቹ ሱሪው ላይ በራሳቸው ያስተካክላሉ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

ድልድዩ አፋፍ ላይ ሙናዊር ቆሞ ከበሮውን በጉልበቱ ደገፈ፣ ላቡን ጠረገ፣ ወደ ኋላ ዞሮ በዓይኑ ሰው ፈለገ።

«ከባድ ነው ለብቻው» አለ ሀያቱ። «ሄጄ ላግዘው እንዴ?»

አስናቀው እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ተወው» አለ። «ለአንድ ከበሮ ሁለት ሰው ድግግሞሽ ነው።»