የሦስተኛው ቀን ውሃ

ብሻይ የሞተው በሚንያ፣ ከናይል ማዶ ባለው የነጭ ድንጋይ ካባ ውስጥ፣ የድንጋይ መቁረጫ መጋዙ ኤሌክትሪክ ይዞት ነው። ገላው ላይ ጭረት እንኳ ስላልነበር እናቱ ኢስቲር መሞቱን አልቀበልም አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጣቱ ቄስ ብሰንቲ የቤቱን ጸሎት ሊያደርሱ ሲመጡ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ፣ መስኮቶቹም ተደፍነው ነበር። በመንደሩ እንደሚባለው የሟች ነፍስ እስከ ሦስተኛው ቀን ከቤቷ አትወጣም፤ ቄስ ጸልዮ ውሃ ሲረጭ ነው ተሰናብታ የምትሄደው።

«ኢስቲር፣ ክፈቺ እንጂ! ቄሱን ፀሐይ ላይ አቆምሻቸው እኮ!» አለ ወንድሟ ዛኪር፣ የውሃውን ሳህን በአንድ እጁ ይዞ በሩን እየደበደበ። «ይቅር ይበሉን አባ፤ ይቺ ሴትዮ ከልጅነቷም እምቢ ካለች በሬ አይጎትታትም።»

«አንተ ዝም በል! ልጄን ለመቅበር እንደዚያ ያስቸኮለህ ምን ነበር?» አለች ከውስጥ።

ቄሱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ጸሎቱ ነፍስ አያባርርም። እንዲህ የሚለው ሰው ነው እንጂ መጽሐፉ አይደለም።»

«ሰው ሁሉ ተሳስቶ እርስዎ ብቻ ልክ?»

«እኔም ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ።»

«ነቢዩ በሦስተኛው ቀን ያስነሣናል ይል የለም? ያነበቡልን እርስዎ ነዎት። ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?»

«ያ የተነገረው ለጌታ ነው፤ ለእኛ በእርሱ በኩል፣ በመጨረሻው ቀን።»

«የናይኗ መበለትስ? ልጇ በቃሬዛ ላይ ሳለ ነው የተነሣላት። ምን ብላ ለመነች?»

«አልለመነችም። አለቀሰች እንጂ።»

«እኔስ ታዲያ ምን ሳደርግ ሰነበትኩ?»

ቄሱ ስለዚህች መበለት ሲሰብኩ ነገሩ ቀላል መስሏቸው ነበር። «ያ ልጅ ኋላ ተመልሶ ሞቷል እናቴ። የተነሡት ሁሉ እንደገና ተቀብረዋል። እኛ የምንጠብቀው ሞት የማይከተለውን ትንሣኤ ነው።»

«ይሁን፣ ተመልሶ ይሙት! ለእሷ ግን መሐሉን ሰጣት። እኔ የምለምነው መሐሉን ነው። አንድ ዓመት ይበቃኛል።»

ዛኪር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቄሱ ተነሥተው ሳህኑን ከዛኪር ተቀበሉና መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ውሃው አይገባም። ሂድ የሚል ቃልም ከአፌ አይወጣም።»

«ይማሉ?»

«ቄስ አይምልም እናቴ።»

የበሩ መወርወሪያ ተንሸራተተ። ቤቱ ጨለማ ነበር። የብሻይ ጫማ ከነድንጋይ ዱቄቱ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ አልጋውም ተነጥፏል። ቄሱ ሲጸልዩ ኢስቲር ቆማ፣ ሚዛን እንደምትጠብቅ ገበያተኛ እያንዳንዷን ቃል ተከታተለች።

«ያለ ውሃ! ደግሞ ይሄ ምን ጸሎት ይባላል?» አለች አንዲት ጎረቤት ከግቢው። ወሬው እስከ ማታ ጳጳሱ ጋ እንደሚደርስ ቄሱ አልጠፋቸውም።

ሊወጡ ሲሉ ኢስቲር ቀሚሳቸውን ያዘች።

«ነገም ይምጡልኝ።»

«ነገ ምን አለ?»

«ነገ አራተኛው ነው። አልዓዛርን በአራተኛው አይደል የጠራው?»

አይሆንም ማለት ነበረባቸው። ዓይናቸው ጫማው ላይ አረፈ።

«እመጣለሁ» አሉ። የሚመጡት አብረዋት ሊቀመጡ ብቻ መሆኑን ሊነግሯት ዞር ሲሉ ግን በሩ ተዘግቷል፤ መወርወሪያውም ከውስጥ ሲገባ ተሰማቸው።