የመስኮት ሁለቷ እሬት

በማዘጋጃ ቤታችን የታችኛው አዳራሽ ሁለት መስኮት አለ። አንደኛው ላይ ማር ትቀመጣለች፣ ሁለተኛው ላይ እኔ። ማር የተባለችው ጠባይዋ ስለሚጣፍጥ ነው። እኔን ባለጉዳዮቹ እሬት ይሉኛል፤ በፊቴ ባይሉም ጆሮ አለኝ።

ማር ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ መቶ እጅ ትሻላለች። ለመጣው ሁሉ “እንደምን አደሩ፣ ይቀመጡ” ትላለች። ለምታለቅስ ሴት ከራሷ ቦርሳ ሶፍት ታወጣለች። ከዚያ መታወቂያውን ተቀብላ ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። ችግሩ እሱ ነው።

አዲሱ ደንብ ከወጣ ወዲህ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው፣ የገበያ ቦታም ይሁን የሕፃናት ማቆያ፣ በአገሩ ለመኖር ፈቃድ እንዳለው ሳይጣራ ማመልከቻው አይመዘገብም። ቁጥሩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄድና መልሱ “ተረጋግጧል” ወይም “አልተረጋገጠም” ሆኖ ይመጣል። አልተረጋገጠም ካለ፣ እኛ ትንፍሽ ባንል እንኳ የሰውዬው አድራሻ እነሱ እጅ ገብቷል፤ መጥተው ይወስዱታል። ኃላፊያችን በየወሩ “ያመለከተ ሁሉ ተጣርቷል” ብሎ ይፈርማል፤ ካልፈረመ የከተማው በጀት ይያዛል። እኛም ባለጉዳይን አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ሠራተኛ በሕግ ይጠየቃል በሚል ወረቀት ላይ ፈርመናል።

ደንቡን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ገባኝ። የሚጣራው ያመለከተ ሰው ነው። ተሰድቦ የተባረረ ሰው ደግሞ አላመለከተም።

ሥራዬ ይሄ ሆነ። የማስረጃ ፖስታውን በፍርሃት አንዴ የሚያወጣ፣ አንዴ የሚከት ሰው ሳይ ደሜን አፈላለሁ። “ይሄን ቅጽ ማነው የሞላው፣ ዶሮ ነው የጫረው?” እላለሁ። “ዛሬ አላስተናግድም፣ ዞር በል!” እላለሁ። የመኖሪያ ወረቀት ያለው ሰው ይቆጣል፣ ኃላፊ ጥሩልኝ ይላል፣ እኔም እያጉረመረምኩ አስተናግደዋለሁ። የሌለው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እየረገመኝ ነው የሚወጣው። ይርገመኝ፤ ማታ ልጆቹ ጋ ይገባል። ድሮም ጠባይ ስላልነበረኝ ማንም አልጠረጠረኝም።

እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አንዲት ሴት ቀን ቀን ታስታምምልኛለች። እናቴ “ልጄ” የምትለው እሷን ነው፤ እኔን “አንቺ” ትለኛለች። ይህች ሴት ደሞዟን በእጇ እንጂ በባንክ አትቀበልም። አንድ ቀን ቤት የተሳሳተ ፖሊስ ደጃችንን ሲያንኳኳ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። አነጋገሯም እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ይሄን ሁሉ ደመርኩና ወረቀት የላትም ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ጠይቄያት ግን አላውቅም። ለሰው ወረቀት አለሽ ወይ ማለት ነውር መሰለኝና ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ትንሽ ልጅ አለቻት፤ ማስቀመጫ ስለሌላት ይዛት ትመጣለች። ልጅቷ አንድ ቀን የእናቴን መድኃኒት ከረሜላ መስሏት አፏ ውስጥ ልትከተው ስትል ነው የተነጠቀችው።

“እትዬ፣ ማቆያ ላስገባት ነው” አለችኝ በዚያው ሰሞን።

“ተይው፣ እዚያ ያለ ልጅ ሁሉ ጉንፋን ይዞታል።”

“ጉንፋን ከመድኃኒቱ አይሻልም?” ብላ ሳቀች። ነገሩ በዚሁ የቀረ መሰለኝ።

አልቀረም። በዕረፍት ቀኗ ልጇን አቅፋ ማዘጋጃ ቤት መጣች። ቀና ስል ከማር መስኮት ፊት ቆማለች፤ ስታየኝ እጇን አውለበለበችልኝ።

“ወደዚህ ነይ!” አልኳት።

“እርስዎን ከማስቸግር፣ እዚህ ተራ ደርሶኛል እትዬ።”

ማር ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። መታወቂያው ከቦርሳ ወጣ። ኃላፊው ከማር ጀርባ ቆሞ ማህተም ይፈልጋል። በጥቅሻ እንዳልጠራት ያየኛል፤ ስለ ቅጽ እንዳልቆጣ ቅጹ ያለው ማር ጋ ነው። ጨነቀኝ።

“እንዳታስተናግጃት!” ብዬ ጮኽኩ። “ሌባ ናት! የእናቴን ወርቅ ሰርቃለች!”

ወረፋው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀጥላ “እትዬ?” አለች።

“ውጪ! ፖሊስ ሳልጠራ ውጪ!” ፖሊስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ሰው ሁሉ መንገድ እየለቀቀላት ወጣች። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተርፋለች።

ከሥራ ስወጣ ላስረዳት ቤቷ ሄድኩ። የልጅቷ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ በሩ ግን አልተከፈተልኝም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በተዘጋ በር ላይ ተጮኾ አይነገርም። ተመልሼ ቤቴ ስገባ እናቴ “ልጄ የታለች?” አለችኝ። ነገ ትመጣለች አልኳት።

በማግስቱ የመጣችው ማዘጋጃ ቤት ነው። የማርን ወረፋ አልፋ በቀጥታ ወደኔ መጣችና መታወቂያዋን መስኮቴ ላይ አስቀመጠች።

“አጣሪኝ” አለች። እርስዎ የለ፣ እትዬ የለ።

“በእናትሽ፣ ውጭ ጠብቂኝ፣ ነገሩን ላስረዳሽ” አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

“አጣሪኝ አልኩሽ!”

ጩኸቱን ሰምቶ ኃላፊው ወጣ። “ምንድነው?”

“ማመልከቻ አለኝ። ሠራተኛዎ አላስተናግድ አለችኝ።”

“ያስተናግዷት እንጂ” አለና ከጀርባዬ ቆመ።

ቁጥሩን ማስገባት ጀመርኩ። አንዱን ላሳስት አስቤ ነበር፤ ኃላፊው ጣቶቼን ያያል። ላኩት። መልሱ እስኪመጣ ልጅቷን ማን ይወስዳታል እያልኩ አስብ ነበር። ከዚያ መጣ።

ተረጋግጧል። ቋሚ ነዋሪ። ማር ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ጀምሮ እዚህ አገር የኖረች።

ባንኩስ? ብዙ ሰው ባንክ አይወድም። ፖሊሱስ? ፖሊስ እኔም እፈራለሁ። ወረቀት አለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎኝ፣ ሌባ አልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት እንኳ ቁጥሯን አይቶ ነው የፈረደው፤ እኔ አነጋገሯን ሰምቼ ፈረድኩ። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ማመልከቻዋን መዘገብኩ፣ ማህተም መታሁበት። እሷ ግን ከመስኮቱ አልተነሳችም።

“አሁን ደግሞ ስለ ወርቁ ንገሪያቸው” አለች። “ትናንት በጮኽሽበት ድምፅ። ጎረቤቴ እዚህ ነበረች። ማታ ማታ የማስታምማቸው አዛውንት አሉ፤ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ደውላ እንዳትመጪ አለችኝ።”

“አልሰረቀችም” አልኩ።

“አልሰማንም!” አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

“አልሰረቀችም! የጠፋ ወርቅ የለም! ውሸቴን ነው!”

“ታዲያ ለምን ሰረቀች አሉ?” አለኝ ኃላፊው። አልተቆጣም፤ ገርሞት ነው። ያስፈራኝም መገረሙ ነው።

ማር ከወዲያ ታየኛለች። አስታማሚዋም ታየኛለች። ዓይኗ ውስጥ አሁንም ትንሽ ቦታ ነበረኝ፤ አንድ ምክንያት ብቻ ብሰጣት ይቅር ልትለኝ የቆመች ይመስለኝ ነበር። ከኋላዋ በእኔ ወረፋ ላይ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ፖስታውን ከኮቱ ኪስ ያወጣል፣ መልሶ ይከታል። “እንድትተርፍ ብዬ ነው” ብል ኃላፊው የሚቀጥለውን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ነገ መስኮት ሁለት ላይ እኔ አልኖርም። ሌላ ማር ትቀመጥበታለች።

“ክፉ ስለሆንኩ ነው” አልኩ። “ጠባዬ ነው። ሰው ደስ ሲለው ማየት አልወድም።”

አንድም ሰው አልተገረመ። አንድ ሽማግሌ “ድሮስ እሬት!” ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠኝ ነግሮኝ ቢሮው ገባ። ፖስታ የያዘው ጎልማሳ ፊቴን አየና ከወረፋው ወጥቶ ወደ በሩ ሄደ።

እሷ ብቻ አልሳቀችም።

“ሰው ሁሉ ሲያማሽ እኔ ነበርኩ የምከራከርልሽ” አለች። “ላይ ላዩን ነው እንጂ ሆዷ ደግ ነው እል ነበር። ለካ እውነታቸውን ነው።”

የቤቴን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ መስኮቱ ላይ አኖረችው። ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰች።

“እማማን በቀኝ ጎናቸው አታስተኚያቸው። ቆዳቸው ቀልቷል፣ ይቆስላል።”

ሄደች። ቁልፉን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ከወረፋው አንዲት ሴት መታወቂያዋን በመሀረብ ጠቅልላ እጇ ውስጥ እያሻሸች ቀረበች።

“ምን ይገትርሻል?” ብዬ ጮኽኩባት። “ዛሬ አላስተናግድም!”