የጋሽ መልከጸዴቅ ለቅሶ

ጋሽ መልከጸዴቅ ዝናባማዋን የአሜሪካ ከተማ ሬንተንን ለቀው ዳላስ ከገቡ ቆይተዋል፤ ከሬንተኑ እድር ሊቀመንበርነት ግን አልወረዱም። እዚያው ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው በስልክ ያዛሉ፣ መዋጮ ይጥላሉ። ዘንድሮ ደግሞ የድንኳን ግብር ጣሉ። ድንኳኑ ያለው ዳላስ ነው፤ መኪናቸውን ከፀሐይ ይከልሉበታል።

ሬንተን የቀረችው የእድሩ አባል የውብዳር ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። «እኛን እዚህ ዝናብ እየደበደበን የሳቸውን መኪና ልናስጠልል? አንከፍልም» ብላ አባላቱን አሳመፀች። ችግሩ፣ እሳቸው ራሳቸው ባጸደቁት ደንብ ሊቀመንበሩን ከሞት በቀር የሚሽረው የለም።

«ሶ፣ በቃ እንደሞቱ እንቁጠራቸው» አለች። ሁሉም ተስማማና ለእሁድ ለቅሶ ተጠራ።

ከሌላ ከተማ፣ ከሬድመንድ ሳይቀር በትራፊክ ተንገላቶ የመጣ ሰው ነበር። ባሏ አማረ ብቻ «በሕይወት ላለ ሰው አላለቅስም» ብሎ ቤት ቀረ።

የውብዳር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገና «ወይኔ ጋሼ» ከማለቷ ስልኳ በቪዲዮ ጠራ። ጋሽ መልከጸዴቅ ነበሩ። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ መነጽራቸውን አደረጉና ለቀስተኛውን በእርጋታ ቃኙት።

«ለቅሶው ደህና ነው» አሉ። «እስቲ ስልኩን ወደ ኋላ አዙሪልኝ። ለቅሶ የቀረ ሰው መቀጫ እንዳለበት ታውቃላችሁ አይደል?»

ለቅሶ መቅረት ነውር መሆኑን ማን ይክዳል? ጋሽ መልከጸዴቅም ስም መጥራት ጀመሩ።

«የውብዳር።»

«አለሁ ጋሼ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «አማረ ግን ቀርቷል። ይቀጣልኝ።»