የአማካይ ተማሪው ጤንነት

የጥናቱ አማካይ ተማሪ ማክሰኞ ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤተ ሙከራው መጡ። የበሩ ጥበቃ አንተ ይበላቸው አንቺ ግራ ስለገባው አንቱ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደዚያው ይጠራቸው ጀመር። ግማሽ ጸጉራቸው ሹሩባ፣ ግማሹ አጭር ነበር። ጢማቸው በስተቀኝ በኩል ብቻ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

አመጣጣቸው ግልጽ ነው። ድንች በጋለ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል ይፈጠርበታል። ቤተ ሙከራው የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከዚህ ኬሚካል ምን ያህል እንደሚወስዱ ለማወቅ ምን እንደሚበሉ ጠየቀ፤ ድንቹን መረመረ፤ የተገኘውን ደምሮ ለተማሪዎቹ ቁጥር አካፈለ። ከስሌቱ የወጡት ተማሪ እኚህ ናቸው።

የጥናቱ ኃላፊ አቶ ደርበው ወንበር አስመጡላቸው። ደማቸው ተመረመረ፤ ውጤቱም ከረቂቅ ሪፖርቱ ጋር አንድ ሆነ። ጤነኛ ነበሩ። አቶ ደርበው በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ እሺ ባይ ናሙና እንዳላጋጠማቸው ተናገሩ። ሪፖርቱ «የሚያሰጋ ነገር የለም» ብሎ ሐሙስ እንዲፈረም፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያሉት የችብስ መጥበሻዎችም ባሉበት እንዲቀጥሉ ወሰኑ። የመጥበሻዎቹ ዘይት ከጠቆረ ሰንብቷል።

ኬሚስቷ ውዳላት ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። ከተጠየቁት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የተመዘገቡት በዜሮ ነበር። በዚህ ዕድሜ ምንም ሳይበሉ ቁመት መጨመር አይቻልም ብላ ረቡዕ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ከዜሮዎቹ አንዷ የሆነችውን ሶልያናን ከጓደኛዋ ከሜላት ጋር አጥር ሥር ተቀምጣ አገኘቻት።

«በምሳ ሰዓት ምን በላሽ ነው የተባልኩት» አለች ሶልያና። «ሁዳዴ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ምንም አልኩ።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ?»

«ችብስ ነዋ። እሱን ማን ጠየቀኝ?»

«ሁለት ሳህን ትጨርሳለች» አለች ሜላት። «ያውም ያረረ ያረረውን እየመረጠች። ባለመጥበሻው ድስት ጠራጊዬ ነው የሚላት።»

«አንቺስ ከማን ሳህን ነው የምትበዪው?» አለቻት ሶልያና።

ጥያቄውን ያረቀቁት ሰዎች ራሳቸው ጾመኞች ነበሩ። ጾመኛ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚበላ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ጥያቄውን የጻፉት ግን በምሳ ሰዓት ነው፤ ምሳ ስላልነበራቸው ጊዜ ተርፏቸው ነበር።

ውዳላት የሶልያናን እናት አስፈቅዳ ልጅቷን ወደ ቤተ ሙከራው ወሰደቻት። ልጅቷ ሚዛን ላይ ስትወጣ ሚዛኑ ዜሮ አለ። ሚዛኑ ተቀየረ፤ ሌላውም ዜሮ አለ። ደሟ ተቀዳ፤ ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሶልያና ክንዷ ላይ ያለውን ጥጥ ገልጣ አየች። ጥጡ ነጭ ነበር።

«ዶክተር፣ ታምሜ ነው?»

«መታመምሽን ማወቅ አልቻልኩም። አልተቆጠርሽም።»

ልጅቷ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀች። ውዳላት በንዴት መርፌውን አስቀመጠችው።

ከዚያ ወደ አቶ ደርበው ቢሮ ገባች። አማካይ ተማሪው በእንግዳ ወንበር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። ጥናቱ እንዲደገም፣ ፊርማው እንዲቆይ፣ እስከዚያም የጠቆረው ዘይት እንዲደፋ ጠየቀች። አቶ ደርበው ጾሙ እንደተፈታና ያለፈ ወቅት ተመልሶ እንደማይጠና በትዕግሥት አስረዷት።

«ውዳላት፣ ተማሪው ይኸው ተቀምጠዋል። ጤነኛ ናቸው። ከዚህ በላይ ማን ቀረ?»

«ልጆቹ ቀርተዋል። ድንቹን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እርስዎ የመረመሩት ማንም ያልወለደውን ነው፣ አቶ ደርበው።»

አማካይ ተማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በበኩላቸው ምንም ቅሬታ እንደሌላቸው ተናገሩ።

ሪፖርቱ ሐሙስ ተፈረመ። ውዳላት አልፈርምም ስላለች በእርሷ ቦታ አማካይ ተማሪው ፈረሙ። እጅ ጽሑፋቸው ንጹሕ ነበር።

ዓርብ የመውጫው ደወል ሲደወል ውዳላት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ግማሾቹ ተማሪዎች ወጡ። ሜላት በስተግራዋ ካለው አየር ጋር እየተጨቃጨቀች አለፈች። ከዚያ በኋላ የታየ ሰው የለም፤ ሆኖም ዘበኛው በሩን ለመዝጋት ረጅም ጊዜ ጠበቀ፣ አቧራውም በብዙ ጫማ እንደተረገጠ ይነሣ ነበር። ባለመጥበሻው ሳህኖቹን እየሞላ ወደ ፊት ዘረጋ። ሳህኖቹ በደረት ቁመት አየር ላይ ተሰለፉ። ያረረው ድንች አንድ በአንድ ከሳህኑ እየተነሣ፣ ጥቂት ከፍ እያለ፣ በአፍ ልክ ላይ ሲደርስ ይሰወር ጀመር። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የማኘክ ድምፅ ሞላው።